በጋቢ የተጠቀለለው ሳጥን፦ ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔና ዶዮገና

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ወደዚያ አገር አትሄዱም። እኔም በፈቃዴ የምሄድ ሰው አልነበርኩም። ሹፌር ነኝ፤ የላኩኝ ቦታ እሄዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሸበት ማለት ከጀመረ በኋላ ነውና አጻጻፌ ቢያነክስ ታገሡ። ባትታገሡም የምለውጠው ነገር የለም።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ሳይነጋጋ ነው፤ ቶሎ ካልወጡ ከተማዋ ራሷ ጎማ ይዛ አትለቅም። መኪናው ውስጥ ሁለት ነን፣ እኔና ትዕግሥት። ትዕግሥት የመሥሪያ ቤታችን የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ሌሎቹ ባለሙያዎች መኪና ሲገቡ ጆሯቸውን ደፍነው ይተኛሉ። እሷ ታወራለች፤ ለዚህ ነው የምወዳት፣ ነግሬያት ግን አላውቅም።

መሥሪያ ቤታችን ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ ያከፋፍላል። በየከተማው መጋዘን አለው፤ በየመጋዘኑ ደግሞ የፍራፍሬ ሣጥን የሚያህል አንድ የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ መጋዘኑን ከሆሳዕና፣ ሆሳዕናን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛል። መስመሩ ፍሬም ሪሌይ ይባላል። ዓለም ጥሎት ከሄደ ቆይቷል አሉ፤ የእኛ ቤት ግን እስኪሰበር የሚጥለው ነገር የለም። ሳጥኑን የሚነካ ባለሙያ ላፕቶፑንና አንድ ሰማያዊ ገመድ ይዞ አጠገቡ ድረስ መሄድ አለበት። ባለሙያውን የማደርሰው እኔ ነኝ። እንጀራዬ እሱ ነው።

ትዕግሥት ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አለቃችን ምን አላት መሰላችሁ? «ወልደሽ እስክትመለሺ ሳጥኖቹ አይጠብቁሽም። መስክ የሚወጣ ሰው በቦታሽ አደርጋለሁ።» እሷም ዘዴ አመጣች። ለእያንዳንዱ ሳጥን አድራሻ ሰጥታው፣ ዕቃ ቆጠራው በሚሄድበት በዚያው መስመር እሷም እንድትገባበት በር ልትከፍትለት ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሆና፣ ከፈለገችም ቤቷ አልጋ ላይ ሆና ታስተካክለዋለች። አለቃው የሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ከወንበሩ ሳይነሣ ሳጥኖቹን ሁሉ በየተራ ይጠራል። ሁሉም አቤት ካሉ ቦታዋ ይጸናል። አንድ ከቀረ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ይህን የነገረችኝ ቡታጅራ ሳንደርስ ነው።

«እና ሁሉም አቤት ካሉ እኔ ማንን ነው የማመላልሰው?» አልኳት።

ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣ «አላሰብኩትም ጋሽ ተካ» አለችኝ።

«ማንም አያስበውም» አልኩና ማርሽ ቀየርኩ።

ቡታጅራ ምሳ በላን። ወራቤን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ እንደ አጥር ቆሞ ይቀበላችኋል። እኛ ሰፈር ከቤት ጀርባ ያለው ሌላ ቤት ነው፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ ቤት። እዚህ ሰው ከቤቱ ጀርባ የሚበላውን ተክሎ ይተኛል።

ሆሳዕና ስንገባ አንድ ነገር አናደደኝ። የሱቁና የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ግማሹ በላቲን ፊደል ነው፣ ሀዲይኛ ነው አሉኝ። ስንት ማታ እንቅልፌን አጥቼ የለየሁት ፊደል እዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎኝ ሄደ። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ቆሜ ሳፈጥ አይታኝ፣ «አባቴ፣ ከታች በአማርኛም አለ» አለችኝ። ነበረ። ከታች ነበረ።

ማክሰኞ

ጠዋቱን ትዕግሥት የሆሳዕናው ቢሮ ዋለች ማለት ይቻላል። እዚያ ዳንኤል የሚባል የቢሮው ሠራተኛ አለ፤ ሩጫ የሚወድ፣ ቀጭን ሰው። የሆሳዕናው ሳጥን የሁሉም እናት ነው። አንድ ሽቦ ይገባበታል፣ በሽቦው ውስጥ ግን ወደ ዶዮገና፣ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ የሚሄዱ ለየብቻ ቁጥር የተሰጣቸው መንገዶች አሉ። የቱ አድራሻ በየትኛው ቁጥር እንደሚሄድ ለሳጥኑ መንገር ነው የትዕግሥት ሥራ።

«አየህ ጋሼ፣» አለችኝ፣ «መንገድ የሚጠግነው ግሬደር የሚሄደው በሚጠግነው መንገድ ላይ ነው። እንደዚያ ነው።»

«ግሬደሩ ድልድዩን ካፈረሰውስ?»

«እዚያ ማዶ ይቀራል» ብላ ሳቀች። ይህን ያዙልኝ።

እሷ ስትጨርስ መናኸሪያው አጠገብ አቁሜ ዳቦና ሙዝ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ አንድ ደላላ የመኪናዬን በር ይዞ፣ «ዶዮገና! ዶዮገና! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ማን ፈቀደልህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ፋዘር፣ ሰው አምጥቼልህ ትቆጣለህ? የኔን ወዲህ በልና ንዳ።»

«የመሥሪያ ቤት መኪና ነው! ይውረዱ እናቴ።»

«እሺ፣ እወርዳለሁ» አሉ ሴትዮዋ። ግን ንቅንቅ አላሉም።

ትዕግሥት በሳቅ እየተንፈራፈረች፣ «ጋሼ፣ እኛስ ዶዮገና አይደል የምንሄደው?» አለች። ነዳሁ።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ማርታ ይባላሉ። ገና ከከተማ ሳንወጣ የትዕግሥትን ወንበር ከኋላ ያዝ አድርገው፣ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» አሉ።

«ሰባተኛ።»

«መንገድ አልበዛብሽም?»

«በዝቶብኛል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወንድም፣ ቀስ በል።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እንቆማለን።»

«ቁም እንግዲያ።»

ዶዮገና ብርዳም ናት፤ ሰማዩ ትከሻችሁ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በጎቿ ከእኔ ይልቅ ደልቷቸዋል። መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው አቶ ኤርገኖ በሩን ከፍተው መኪናውን አዩና ሳቁ። «እናንተ ሳጥን ልታዩ ነው የመጣችሁት ወይስ ሚስቴን ልትመልሱልኝ?» ለካ ሴትዮዋ ባለቤታቸው ናቸው፤ ቤታቸውም ከመጋዘኑ አጥር ቀጥሎ ነው።

ትዕግሥት ሰማያዊውን ገመድ ሰክታ ሠራች፤ የዶዮገናው ሳጥን ከሆሳዕና ሲጠሩት አቤት አለ። አቶ ኤርገኖ ምሳ ግቡ አሉ። አንጋጫ ሳይመሽ መድረስ አለብን፣ ሌላ ጊዜ እንመጣለን አልኳቸው።

«ሌላ ጊዜ ማለት በአዲስ አበባ ቋንቋ አይሆንም ማለት ነው» አሉኝ። «ሳጥኑ ከተስተካከለ ደግሞ ማን ይመጣል?»

ለነገሩ እኔም ስጠይቅ የነበረው እሱኑ ነው።

ረቡዕ

አንጋጫን ጨርሰን ዱራሜ ገባን። ሐምበሪቾ ተራራ ከተማዋን ቁልቁል ያያታል፤ እስከ ጫፉ የሚወጣ ደረጃ ተሠርቶለታል፣ ሰው ከሩቅ ለማየት ይመጣል። እኔ አልወጣሁም። ጉልበቴን ለፍሬን ነው የምፈልገው።

ስለ ዱራሜ ልንገራችሁ ከተባለ የፔንሲዮኑን በር ነው የምነግራችሁ። የትዕግሥት ክፍል ቁልፍ እሷ ውስጥ ሆና ቀዳዳው ውስጥ ተሰበረ። ባለቤቱ አናጺ ሊጠራ ሮጠ። እስኪመጣ ድረስ ሚስቱ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ልጅ ስለ መውለድ፣ ስለ አማታቸው፣ ስለ መዘምራን ልምምድ ሲያወሯት ቆዩ። በመስኮቱ ሻይ አቀበሏት፣ በመስኮቱ ድንች አቀበሏት። አናጺው መጥቶ በሩን ሲነቅለው ትዕግሥት፣ «ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?» አለችው። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤቴን የማውቀው በበሬ ቀዳዳ አጮልቄ ነው። ቁልፍ ቢሰበርብኝ ማን ድንች ያቀብለኛል?

ሐሙስ

ሾኔ ቆላ ናት፤ ጃኬቴን አውልቄ ወንበር ላይ ጣልኩት። ገበያዋ ሞቅ ያለ ነው፣ በርበሬው ከመኪናው ጋር ያስነጥሳችኋል። የሾኔው ሳጥን የመጨረሻው ነበር። እሱም አቤት አለ። ትዕግሥት ደስ አላት። እኔ ጎማ አየሁ።

ከዚያ ትዕግሥት ሾኔ ተቀምጣ፣ በመስመሩ ውስጥ እየገባች፣ የሁሉንም ሳጥን በር መቆለፍ ጀመረች። በር ከተከፈተ ሌባም ይገባበታልና ከዚህና ከዚህ አድራሻ የመጣ ብቻ ይግባ ብላ ለእያንዳንዱ ታዛለች። ይህ ሥራ ልማድ አለው፤ ሩቅ ያለ ሳጥን ከመንካታቸው በፊት፣ ‹ተመልሼ ደህና ነኝ ካላልኩህ ራስህን አጥፍተህ በአሮጌው ትእዛዝ ተነሣ› ይሉታል። አንጋጫን እንዲህ አድርጋ ቆለፈች። ዱራሜን ቆለፈች። ዶዮገና ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ፣ የሾኔውን ሳጥን የመጋዘኑ መጠባበቂያ ባትሪ ያዘው፣ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ቀይ አበራ፣ ወገቧን ይዛለች። ልማዱን ዘለለችው። አድራሻውን ስትጽፍ አንድ ቁጥር ሳተች፤ ሳትፈትሽ ትእዛዙን አጸናችው።

ከዚያ ብትጠራው፣ ብትጠራው፣ ዝም።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ራሴን ውጭ ቆለፍኩ ጋሼ።»

«ለጥበቃው ደውለን ነቅሎ ይሰካው።»

«ባላጸናው ኖሮ ይበቃ ነበር። አጽንቼዋለሁ። አሁን ሲነሣም ያንኑ ይዞ ነው የሚነሣው።» ጣቶቿን ዓይኖቿ ላይ ጫነች። «ግሬደሩ ድልድዩን አፈረሰው።»

ነገ ዓርብ ነው፤ ሰኞ አለቃው ይጠራል። ሐኪሟ መንገድ ይቅርብሽ ብሏታል። «ነገ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አልኳት። ከእኔ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

ዓርብ

ቃሌን ጠበቅኩ፤ አህያ ሁሉ ቀደመን። ግን መንገዱ መንገድ ነው። ዶዮገና ልንደርስ ስንል ትዕግሥት የበሩን እጀታ ይዛ ትንፋሿ ተቆረጠ። በኅዳር ካፊያ ይዘንባል። መጋዘኑ በር ላይ ጡሩንባ ስነፋ ቀድመው የወጡት ወይዘሮ ማርታ ናቸው። ምንም አልጠየቁም። ብብቷ ስር ገብተው ደግፈው ወደ ቤታቸው ወሰዷትና አቶ ኤርገኖን ወደ ጤና ጣቢያ ሰደዱ።

ነርሷ መጣች፤ ሆዷን ዳሰሰች፣ አዳመጠች። «ምጥ አይደለም። ድካምና የውሃ ጥም ነው። እስከ ነገ በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ከዚህ አልጋ ብትወርድ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው» ብላ እኔን እያየች ሄደች። ሰው ሁሉ በዚያ አገር ጥፋት ሲፈልግ እኔን ነው የሚያየኝ።

ትዕግሥት ትራሱ ላይ ሆና ታለቅሳለች። «እዚህ አጥር ማዶ ነው ያለው። መነሣት አልችልም።»

«እኔ ልሂድና ንገሪኝ» አልኳት።

«ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው ጋሼ።»

በቃ። በዚያ ፊደል ፊት እኔ እንደ በግ ነኝ። ቆሜ ሳለሁ አቶ ኤርገኖ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ፣ እኔ አላውቅም» አሉ። «ግን ሰው ሲታመም ሐኪም ይመጣል። ሐኪም ሲታመም ደግሞ በሽተኛውን አምጥቶ ማሳየት ነው። ሳጥኑ ከባድ ነው እንዴ?»

ትዕግሥት እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። «ለመክፈት መስመሩ አያስፈልገኝም... መብራትና ሰማያዊው ገመድ ብቻ!»

ወደ መጋዘኑ ሄድን። ከሳጥኑ ጀርባ ከመብራቱ ሌላ ሁለት ገመዶች አሉ፣ አንዱ የመስመሩ፣ አንዱ የመጋዘኑ ኮምፒውተር። ጫፋቸው መንትያ ይመስላል። አቶ ኤርገኖ ከግድግዳው ላይ ቃጫ መዘዙ፤ በመስመሩ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ አሰሩ። በየቀዳዳዎቹ ሥር ደግሞ በከሰል አንድ ሰረዝና ሁለት ሰረዝ አሰመሩ። «በሬም በግም በምልክት ነው የሚታወቀው» አሉኝ። ብሎኖቹን ፈታሁ። ካፊያው እንዳይነካው ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉት፤ እኔ ታቀፍኩት። ጎረቤት ሴቶች ካጥሩ ላይ አይተው አንዷ፣ «ወለደች እንዴ?» ብላ ጮኸች። «ወንድ ነው! አባቱን ይመስላል፣ ጥቁርና አኩራፊ!» አሉ አቶ ኤርገኖ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሳጥኑን አልጋው ላይ አጠገቧ አስተኛነው። በግራ ጎኗ እንደተኛች፣ በአንድ እጇ እየጻፈች፣ የሳተችውን ቁጥር አገኘች፣ አረመች፣ ደግማ ደጋግማ አየች። ያኔ አጸናች። ወይዘሮ ማርታ ራሷን ይዘው በከምባትኛ ይጸልዩ ነበር፤ ለእሷ ይሁን ለሳጥኑ አላወቅሁም።

ጠቅልለን መለስነው። አቶ ኤርገኖ በር ላይ ካፊያውን ከጋቢያቸው ሲያራግፉ እኔ ብቻዬን ከሳጥኑ ጋር ቀረሁ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ አንድ ቋጠሮ ያለውን ገመድ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ላላ አድርጌ ብተወው ሰኞ ጠዋት ዶዮገና ዝም ትላለች። መኪናው ይወጣል፣ ሹፌር ያስፈልጋል። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ የተኛችው ትዝ አለችኝ፤ በአንድ እጇ ስትጽፍ ሌላው እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ቀጭ እስኪል ገፋሁት።

ስልኬ ጮኸ፣ ትዕግሥት ናት። «ሁለቱም በየቦታቸው ገቡ?»

«ገቡ።»

ዳንኤልን ከሆሳዕና በሌላው ስልክ ይዛዋለች፤ ድምፁ ይሰማኛል። «አልመጣም... ቆይ... መስመሩ ገና ነው... ቆይ እቱ...» አቶ ኤርገኖ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገቤ መጡ። «መጣ! ገባሁ! በመስመሩ ገባሁ!»

አቶ ኤርገኖ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ያ እጅ ትንሽ ቀደም ብሎ ምን ሊያደርግ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ምሳ ቀረበ። ለትዕግሥት ቅቤ የሚዋኝበት የቡላ ገንፎ። ለእኔም እንዲሁ። ዓርብ ነው፤ እጄን ሰበሰብኩ። «ጾም ነኝ» አልኩ፣ እንደ ልማዴ በደረቁ። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ረስተውታል፤ ወይዘሮ ማርታ ፊታቸው ቀላ። ሰሃኑን አንሥተው ወጡ። እኔም ተቀየሙኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ በአዲስ ድስት፣ ቅቤ ባልነካው ማማሰያ፣ በኑግ ዘይት የተሠራ ሌላ ገንፎ ይዘው መጡ። ዘይቱን ሊለምኑ ከሰሜን የመጣች ኦርቶዶክስ አስተማሪ ቤት ድረስ ሄደው ነበር።

«ብላ ወንድሜ» አሉኝ። «እኔ ቤት የመጣ ሰው ሆዱ ባዶ አይሄድም።»

በላሁ። ገንፎው ትኩስ ነበር፤ ዓይኔ ውሃ ያቀረረው በእሱ ነው ብያለሁ።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

ነርሷ ስትፈቅድ ተነሣን። እስከ አዲስ አበባ በእግር የሚሄድ ሰው ሊቀድመን ምንም አልቀረው። ሰኞ ጠዋት አለቃችን ከወንበሩ ጠራ፤ ሆሳዕና አቤት፣ አንጋጫ አቤት፣ ዱራሜ አቤት፣ ሾኔ አቤት፣ ዶዮገና አቤት። ትዕግሥት ቦታዋ ጸና። የመስክ መኪናው ለሌላ ክፍል ተሰጠ፤ እኔ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ ላይ ተመደብኩ። ጠዋት ከሰፈር ወደ ቢሮ፣ ማታ ከቢሮ ወደ ሰፈር። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ደፍኖ ይተኛል።

ትዕግሥት በጥር ሴት ልጅ ወለደች። ሁዳዴ ከገባ በኋላ አቶ ኤርገኖ ደወሉልኝ፤ ዕቃ በሆሳዕና አውቶቡስ ልከናል፣ ከመናኸሪያ ተቀበል አሉኝ። ሄድኩ። ረዳቱ በኮባ የተጠቀለሉ ሁለት የቡላ ጥቅሎች ሰጠኝ። ስም አልተጻፈባቸውም። በቃጫ ታስረዋል፤ አንዱ አንድ ቋጠሮ፣ ሌላው ሁለት ቋጠሮ። አንድ ቋጠሮ ያለውን አሸተትኩት፣ የተነጠረ ቅቤ አብሮት አለ፤ የአራስ ነው። ሁለት ቋጠሮ ያለው ቅቤ የለውም። በምትኩ በትንሽ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ገብቶበታል።

መናኸሪያው መሀል፣ ሰው እየገፋኝ፣ ጥቅሌን ታቅፌ ቆምኩ።

የትዕግሥትን ወስጄ ሰጠኋት። ልጇን በአንድ ክንዷ ይዛ ላፕቶፗን አሳየችኝ፤ «ይኸው ጋሼ፣ ዶዮገና ደህና ናት» አለች። እሷ የምታየው ሳጥኑን ነው። ወጥቼ አቶ ኤርገኖ ዘንድ ደወልኩ።

«ሁለቱም በየቦታቸው ገቡ?» አሉኝ።

«ገቡ።»

«አንተስ መቼ ትመጣለህ?»

ሌላ ጊዜ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። መለስኩት።

«ከፋሲካ በኋላ» አልኳቸው። «በአውቶቡስ፣ በራሴ ፈቃድ።»

በከምባትኛ ለሚስታቸው አንድ ነገር ሲጮኹላቸው ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ማርታ ቅቤ ታስቀምጥልሃለች።»